የሚያስለቅስ ፎቶ

ወይዘሮ ሸዋዓለም ፎቶ ለመነሳት የቆረጡት ከጎረቤታቸው ቀብር መልስ ነው። ከመታወቂያ ላይ ተነስቶ በትልቁ የታተመው የሟች ፎቶ እንደ ተፈላጊ ሌባ አፍጥጦ፣ የለቀስተኛው እንባ ደርቆ ቀረ። ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር ኖሮ ያለ እንባ መሸኘት! እሳቸው እንዲህ ያለውን ሞት ፈሩት።

በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን፣ ወለተሰንበትንና ሙፊዳን አስከትለው ጌጃ ሰፈር ገረሱ ፎቶ ቤት ገቡ።

«ለምን ጉዳይ ነው እማማ?» አለ ገረሱ።

«ለቀብሬ። እነዚህ ደግሞ የእድሬ ሰዎች ናቸው፤ እያለቀሱ ይሞክሩታል።»

ገረሱ የካሜራውን ማዞሪያ የሰው ፊት ምልክት ላይ አደረገ። «ይሄ ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ቆዳ ያለሰልሳል።»

አንስቶ አሳያቸው። ወለተሰንበት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ እትዬ ሸዋ!» ብላ ጀመረችና አቆመች። «ይቺ እኮ ገና አልተዳረችም! ማን ብዬ ላልቅሳት?»

ማዞሪያው ወደ ተራራው ምልክት ዞረ። «ይሄ ለመልክዓ ምድር ነው፤ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ያወጣል።» አወጣም፤ የፊታቸውን መስመር ሁሉ፣ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የተሳለውንም ፏፏቴ። ሙፊዳ ለማልቀስ ብትታገልም ዓይኗ ውሃው ላይ ቀረ። «ሲያምር!» አለች።

ቀይ ቀለም የሚያጎላው የጀንበር መጥለቂያ ምልክት ለቀብር ይስማማል ተብሎ ተሞከረ። ሴትዮዋ በርበሬ መስለው ወጡ፤ ጎረቤቶቻቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ሸዋዓለም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ትስቃላችሁ? የናንተን ዘመድ ስቀብር ጉሮሮዬ የተዘጋው ለዚህ ነው? አንቺ ሙፊዳ! አባትሽ ሲሞቱ ሦስት ቀን ማን አደረ?»

ገረሱ ቶሎ ብሎ የሯጩ ምልክት ላይ አዞረ። የሚንቀሳቀስን ነገር ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው።

ፎቶው ላይ አንድ እጃቸው አየር ላይ ነው፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አፋቸው ተከፍቷል።

«ልክ እንዲህ ነው የሚቆጡን» አለች ወለተሰንበት፤ እንባዋ ዱብ አለ። ሙፊዳም ተከተለች። ገረሱ ሌንስ በሚወለውልበት ጨርቅ አፍንጫውን ጠረገ።

ሸዋዓለም ተጠግተው አዩ። «ውይ፣ ምን የመሰለች ሴት!» ብለው ደረታቸውን መቱና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ።

ወለተሰንበት ጎናቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አሜን» አሉ።