የባናው ሌላ ጫፍ

ሩቂያና እናቷ በዛች የረጠበውን ባና ወዲህና ወዲያ ይዘው እየጠመዘዙ ነው። የሱፍ ብርድ ልብስ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይቻልም። ክረምቱ ወጥቶ መካነ ሰላም ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሁሌም በሁለት ሰው ነው የሚታጠበው።

«ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም ያልሽው የምርሽን ነው?» አለች በዛች።

«የምሬን ነው። ማንም ‹እትዬ› እያለ አይስቅብኝም።»

ሩቂያ ከጅዳ ተመልሳ አሥራ አንደኛ ክፍል ከገባች ገና ወሯ ነው። በዕድሜ ክፍሉን ሁሉ ትበልጣለች። ዓርብ ዕለት የፊዚክስ መምህሩ አቶ ይሄነው፣ «ፀሐይ ድንገት ብትጠፋ ስበቷ ምድርን የሚለቃት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስበቷስ ይቀድመው ይሆን? ሩቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች።

«ወዲያው ነው። በቅሎም ገመዷ ሲበጠስ ወዲያው ትሄዳለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «እትዬ በቅሎ!» አለ ከኋላ አንዱ። መምህሩ ዝም አሰኟቸውና፣ «መልሱን ሰኞ ከነምክንያቱ እፈልጋለሁ» ብለው ወጡ።

«እኔም ብጠየቅ እንደዚያው ነበር የምለው» አለች በዛች። «በይ አሁን እናራግፈው።»

ባናውን ዘረጉት። ሩቂያ ሳታስጠነቅቅ የያዘችውን ጫፍ ወደ ላይ አንስታ ወደ ታች መታችው። ባናው እንደ ማዕበል አበጠ፤ እብጠቱ ከእጇ ተነስቶ በከባዱ ሱፍ ላይ እየተንከባለለ ሄደና የእናቷን ክንድ ነቀነቀው።

«ወይ አላህ! ብትነግሪኝ ምናለ?»

ሩቂያ አልሳቀችም። እናቷ የተነቀነቀችው የሩቂያ እጅ ካረፈ በኋላ ነበር።

«እማዬ፣ እስኪ እንደገና። ሲደርስሽ ‹ደረሰ› በይኝ።»

መታችው።

«ገና ነው… ደረሰ! ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«የበቅሎዋም ገመድ እንደዚህ ነው። አጭርና ውጥር ስለሆነ ነው ወዲያው የሚመስለን። ስበትም እስኪደርስ የሚሄደው መንገድ አለው ማለት ነው።»

«ታዲያ ብርሃኑን ይቀድመዋል?»

«አይቀድመውም። ከብርሃን የሚፈጥን የለም ይላል መጽሐፉ። እኩል ይደርሳል ወይስ ይዘገያል፣ እሱን ሰኞ መምህሩን እጠይቃቸዋለሁ።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

«እትዬ ቢሉሽስ?»

«በዕድሜማ እትያቸው አይደለሁ?»

ባናውን አጥሩ ላይ ጣሉት። ሩቂያ የተንሻፈፈውን ጫፍ ጎትታ አስተካከለች፤ ሳፋውን አጥባ ግድግዳው ሥር ደፋችው።