የሌላ ሰው ሙሽራ

ሄኒ የሠርግ ካርዱን ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ፈርሚ። ማሽኑ እየጠበቀ ነው።»

ኮልፌ ባለው ማተሚያ ቤታችን ያለ አራሚ ፊርማ ምንም አይታተምም። አራሚዋ እኔ ነኝ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ዐርብ ያልቃል፤ ቋሚ መሆን አለመሆኔ በባለቤቱ በአቶ ጌታቸው እጅ ነው። ካርዶቹን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሄኒ ደግሞ ቀይ እስክሪፕቶዬን ካየበት ቀን ጀምሮ ጠምዶ ይዞኛል።

ማስመሪያዬን ከመጨረሻው መስመር ሥር አስቀመጥኩ። የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ሲጀምሩ ዓይን የጠበቀውን እንጂ የተጻፈውን አያይም።

«አየህልኝ ደበላ?» አለ ሄኒ ለማሽን ሠራተኛው። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከርማ ሽቅብ ማንበብ ተምራ መጣች።»

ደበላ ሳቀ።

አራተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። ሽፋኑ ላይ ሙሽራው መህዲ ነው፤ ውስጥ ግን ሀምዳን ይላል። ሀምዳን ባለፈው ወር ካርድ ያተምንለት ሙሽራ ነው። ሄኒ አዲሱን ካርድ የሚሠራው በአሮጌው ላይ ስም እየቀያየረ ነው፤ አንዷን ረስቷታል።

ከብቤ መለስኩለት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ወረቀት ይዞ መጣ። «አስተካክያለሁ።»

«የታረመውን አትመህ አሳየኝ።»

«ቃሌን አታምኚም?» ብሎ ጮኸ።

እስክሪፕቶዬን ከደንኩት።

አቶ ጌታቸው ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። «ምንድን ነው?»

«አስተካክዬላት አልፈርምም ብላ ነው፣ ጋሼ።»

«ሳላየው አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ሥራ የምታቆም ሠራተኛ አያስፈልገኝም!» ወረቀቱን ነጥቀው ራሳቸው ፈረሙና ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። ማሽኑ ተነሣ።

ሐሙስ የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ሃጂራ አንድ ካርድ እያውለበለቡ ገቡ። «ጌታቸው! ልጄን ለማን ነው የዳርክብኝ? ቀራንዮ ድረስ በትኜዋለሁ! አማቾቼ ‹ሀምዳን ማነው?› እያሉኝ ነው!»

አቶ ጌታቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ! ምን ስትሠሪ ነበር?»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። የታረመ ወረቀት አልጥልም። ሀምዳን በቀይ ተከቧል፤ ከጎኑ የእሳቸው ፊርማ አለ። ወይዘሮ ሃጂራ ከእጄ ወስደው አዩት።

«ይኼስ ፊርማ የማን ነው? እሱም የሀምዳን ነው?»

ማንም አልሳቀም። ካርዱ በዚያው ቀን እንደገና ታተመ።

ዐርብ አቶ ጌታቸው ቢሯቸው ጠሩኝ። ቀና ብለው ሳያዩኝ ደብዳቤ ገፋ አደረጉልኝ። «ቋሚ ሆነሻል። ፈርሚና ከፊቴ ጥፊ።»

ማስመሪያዬን አወጣሁ።

«ደብዳቤም ሽቅብ?» አለ ሄኒ፣ በሩን ተደግፎ።

ከታች ጀመርኩ። ለእኔ የመጨረሻው፣ ማለትም የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር «ለወይዘሪት እፀገነት» ይላል። ከእኔ በፊት የነበረችው አራሚ ናት፤ ሄኒ ነው አስመርሮ ያስወጣት። የእሷን የቅጥር ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ቀኑን ብቻ ቀይሮታል።

ስሙን ከብቤ ወረቀቱን ለሄኒ ዘረጋሁለት።

«ስሜን ታውቀዋለህ» አልኩት።

አቶ ጌታቸው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ። «ምን ትገተራለህ? ሂድ አስተካክል!»

«አትመህ አምጣው» አልኩ፤ ቆሜ ጠበቅኩት።