የፕሮፌሰሩ ካፌይን

ለዚህ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቡና አፍልቻለሁ፤ የማፈላው አእምሮ መሆኑን የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው። ሥራ አስኪያጃችን፣ በሌለበት «ፕሮፌሰር» የምንለው፣ አንድ ጽሑፍ አንብቦ መጣና ስብሰባ ጠራን።

«ድካም የሚያመጣው አዴኖሲን የሚባል ነገር ነው። ካፌይን ደግሞ ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል!» አለን። እሰይ! እኛ ድካም የሚያመጣው ስብሰባ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም አንድ አንድ ኩባያ ይጠጣል፤ ፕሮፌሰሩ ሰዓት ይዞ ቁጥር ያስደምራል፤ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ፈጠነ። ያንኑ ቁጥር በየቀኑ የሚደምር ሰው ካልፈጠነማ ጉድ ነው! አንደኛ የወጣው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ፣ ማን ይቀድመዋል?

መጨረሻ የወጡት የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ናቸው። ጨጓራቸው ቡና ስለማይችል እሳቸው ብቻ አይጠጡም። የሃያ ዓመት ፋይል ዓይናቸውን ጨፍነው ያመጣሉ፤ ሰዓት ሲያዝባቸው ግን ቁጥሩ ይምታታባቸዋል። ሐሙስ ዕለት «የአእምሮ ቅልጥፍና ማነስ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ የቀረው የፕሮፌሰሩ ፊርማ ብቻ ነው። ጡረታቸው ስምንት ወር ሲቀረው!

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበር! ፈተናው ሊጀመር ሲል የፕሮፌሰሩ ሚስት መጥተው፣ «የኔ እህት፣ ለልቡ ብሎ ሐኪም ካፌይን ከልክሎታል፤ እሱ ግን አይሰማም። አደራሽን፣ እንዳትነግሪው» ብለው ካፌይኑ የወጣለት ቡና በከረጢት ሰጥተውኛል። የቡና ማሽን ያለን አንድ ነው። ለሁሉም እሱኑ አፈላሁ።

ብናገር አደራ በላ እባላለሁ፤ እንጀራዬም ያከትማል። ዝም ብል ደግሞ ጋሼን ነገ በምን ዓይኔ አያለሁ? የመጣው ይምጣ ብዬ ቢሮው ገባሁ።

«አለቃ፣ ሦስት ሳምንት የጠጣችሁት ቡና ካፌይን የለውም» አልኩት።

«ምን?»

«ባለቤትዎን ይጠይቋቸው።»

ደወለ፣ አዳመጠ፣ ዘጋ። ግድግዳው ላይ አንደኛ የተጻፈውን ስሙን አየ። ከዚያ መንጋጋው እስኪላቀቅ አዛጋ።

«ይሄን ማን ሰምቷል?»

«እስካሁን ማንም» አልኩት፤ «እስካሁን» የምትለውን ጠበቅ አድርጌ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጋሼን ደብዳቤ አራት ቦታ ቀደደው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፋይል ሊያስፈርሙ ቢገቡ፣ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ተመልሰው ወጡ።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምንም አልሆነም ጋሼ፤ ካፌይኑ ዛሬ ገና ለቀቀው።»