ከሲሚንቶው ሥር

ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ አይደለም፣ ሰዓቴን ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ሠላሳ ሁለት ይሁን፣ ሠላሳ ሁለት እንኳ ቢሆን ትናንት ሃምሳ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ሠላሳ ስምንት፣ አሁን ሠላሳ ሁለት። ፓምፑ ከእግሬ ሥር ያጉረመርማል፣ ውሃውን በጀልባዋ ጎን አውጥቶ ወደብ ውስጥ ይተፋዋል፣ ይቆማል። ዝም።

ፓምፑ ቆሞ እስኪነሣ ያለው ጊዜ መቀነስ አልነበረበትም።

የእንጨት ጀልባ ትጠጣለች፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አራት ዓመት መሬት ላይ ቆማ የደረቀች ጀልባ ውሃ ላይ ስትወርድ በየመጋጠሚያዋ ታስገባለች፣ ሳንቃው እየጠጣ ያብጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በመሃል የጠቀጠቅነውን ቃጫ ጨምቆ ይይዘዋል፣ ከዚያ ትጠግባለች። የመጀመሪያው ቀን ፓምፑ አላረፈም። በማግስቱ በየአሥር ደቂቃው። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ አርባ፣ ትናንት ሃምሳ። ኤልስፔት፣ አየሃት፣ ጠገበች እኮ፣ አለችኝ። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው። የጠገበች ጀልባ ተመልሳ አይጠማትም፣ የሚያስገባው የሳንቃው መጋጠሚያ ከሆነ።

ከሆነ።

ኤልስፔት ከላይ እያንጎራጎረች ናት፣ የቆርቆሮ ምግብ ትደረድራለች፣ ሾርባው በግራ፣ ዓሣው በቀኝ፣ የአጃ ቂጣው እርጥበት እንዳያገኘው በሁለት ላስቲክ። እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ ሲሞላ ገመድ እንፈታለን፣ በሰሜን ዞረን፣ ከአየርላንድ በስተ ምዕራብ ወደ ታች፣ እስከ አዞርስ ደሴቶች። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ናት፣ ከተጋባን አርባ ሦስት ዓመት፣ የዚህችም ጀልባ ካፒቴን ልጅ ናት። የማለዳ ምሕረት። መረብ ስትጎትት ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም ኖራለች፣ ፊደሎቹን ኤልስፔት በእጇ ቀባቻቸው፣ አባቷ ይቀቡት በነበረው ነጭ፣ ከፊደሎቹ ሦስቱ ትንሽ ዘመም ብለዋል፣ ይዝመሙ፣ አባዬም ቀጥ አድርጎ አያውቅም፣ አለች። አባቷ ካፒቴን ዶድ ያላቃኑት ነገር አልነበረም። እኔን ጨምሮ።

ኮዊ ከግንቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየኛል፣ የወደቡ ኃላፊ፣ ሆዱ ከሹራቡ ያመለጠ ሰው። አሊክ፣ አሁንም ትጠጣለች እንዴ። ትጠጣለች። ካፒቴን ዶድ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ብርጭቆ መጠጥ ሳይቀምሱ ሞቱ፣ ይኸው ጀልባቸው የእሳቸውን ድርሻ ትጨልጥላቸዋለች። ይስቃል። እስቃለሁ። ደሴቶቹ ጋ ስትደርስ ፖስት ካርድ ላክልኝ፣ ካልደረስክም ላክ። ሂድ ወዲያ፣ እለዋለሁ። ይሄዳል፣ ጫማው እየተጎተተ። ካልደረስክም። ሰው ሲቀልድ የሚናገረውን ቢያውቅ ኖሮ አይቀልድም ነበር።

ሃያ ደቂቃ አልፏል።

መብራቱን ወደ ታች አዞራለሁ። የዓሣ ማከማቻ የነበረው ክፍል አሁን መኝታችን ነው፣ ጥድ ለብጬዋለሁ፣ መደርደሪያ ሠርቼላታለሁ፣ ለመነጽሯ ትንሽ ቦታ። ከአልጋው ሥር ወለሉን ቢያነሱት ሲሚንቶው ነው፣ በግራ በኩል፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል። ጀልባ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ሲሚንቶ አላት፣ የብረት ቁርጥራጭ የተቀላቀለበት፣ እንዳትገለበጥ ክብደት ይሆናታል፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። የጀልባ መርማሪው ከአበርዲን መጥቶ እያንዳንዱን ሳንቃ በትንሽ መዶሻ አንኳኳ፣ ጆሮውን እንደ ሐኪም አስጠጋ፣ እዚህ ሲደርስ ቆመ። ሥሩን አላየሁም፣ ያላየሁትን አልታየም ብዬ ነው የምጽፈው፣ ማን አፈሰሰው። የሚስቴ አባት። ካፒቴን ዶድ ከሆኑ እንግዲህ፣ አለ፣ ጻፈ፣ ሄደ። አንሣው ቢለኝ ኖሮ። አንሣው ቢለኝ አነሣው ነበር። ውሸት።

እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። እሳቸው ቆመው አዩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጥር። አርባ ሰዓት ሳንተኛ መረብ ጎትተን፣ እጃችን ጨው በልቶት፣ የጓንቴ ውስጥ ደም ይሁን ውሃ አልለየውም፣ ወደ ቤት ስንመለስ ካፒቴን ዶድ፣ ና መሪውን ያዝ፣ ጥቂት ልጋደም፣ አሉኝ። አልችልም አላልኩም። አልችልም የሚባል ቃል እዚህች ጀልባ ላይ ተሰምቶ አያውቅም፣ እንጀራ አባቴ ቤትም አልነበረም፣ እዚያ አልችልም ያለ ቀበቶ ነው የሚበላው፣ ከዚያ ቤት አውጥተው ሥራ የሰጡኝ እኚህ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን እንዴት ብዬ። መሪው ፊት ቆምኩ። ትንሿ ማሞቂያ እግሬን ታሞቀኛለች። ላጥፋት አልኩ፣ ብርድ ሰውን ነቅቶ ያቆመዋል፣ አሁን አጠፋታለሁ፣ አሁን። አላጠፋኋትም። ያ ነው ሁሉም ነገር። የሞቀ እግር፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ዓለቱ ከታች ሲመታን ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ ሰው ይህን አያምንም፣ በር እንደመዝጋት ያለ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር ወደ ፊት ሄደ። ዊል ምድጃው ጋ ሻይ ሊያፈላ ቆሞ ነበር፣ የካፒቴኑ ልጅ፣ የኤልስፔት ታላቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ለእኔም ስኳሩን አብዝቶ ሊያመጣልኝ፣ ግንባሩ የምድጃውን ብረት ጠርዝ አገኘው። ሦስተኛው ማዕበል አንሥቶ ከዓለቱ አወረደን። ዊል ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ኖረ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ሞተ። የብረት ገመድ ተበጥሶ መታው፣ አሉ ካፒቴን ዶድ ለሰው ሁሉ፣ ለሚስታቸው፣ ለፖሊሱ፣ ለጉባኤያቸው ሽማግሌዎች። እዚህ አገር የብረት ገመድ ብዙ ሰው መትቷል፣ ማንም አልጠየቀም። ሞተረኛው ያውቅ ነበር፣ እሱም ሳይናገር ሞተ። ለምን ዋሹ፣ ለእኔ ብለው ነው ስል ኖርኩ፣ ከዚያ ልጅ ስወልድ ገባኝ፣ አርባ ሰዓት ያልተኛ ልጅ መሪ ላይ ያቆመው ማን ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ጠሩኝ። ሳንቃው ከሚቸነከርባቸው ከጀልባዋ ጎድኖች ሦስቱ ተሰንጥቀዋል፣ የባሉጥ እንጨት፣ ውፍረታቸው እንደ ጭኔ፣ አንደኛው ለሁለት ተከፍሎ አፉን ከፍቷል። ለሰው እናሳይ ቢባል መቼ ተሰበረ ይባላል፣ እንዴት ይባላል፣ ስለዚህ በጎናቸው ደጋፊ እንጨት ቸነከርንባቸው፣ ሲሚንቶውን በአካፋ አቦካሁ፣ ሞላሁት፣ ፊቱን በሳንቃ ቁራጭ አለሰለስኩት። እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። አሊክ፣ ከዚህ ሥር ያለው የአንተም አይደለም፣ የእኔም አይደለም። የማን እንደሆነ አልነገሩኝም። በሠርጋችን ቀን እጄን ጨበጡኝ፣ ጠበቅ አድርገው፣ አሁንም የምረሳው አይደለም፣ ደስታ ይሁን ማስጠንቀቂያ።

ሃያ ስድስት። ፓምፑ ነው። ሃያ ስድስት።

ይገባኛል እኮ። ሲሚንቶ ሥር ያለ እንጨት አየር አያገኝም፣ ጨው የሌለው የዝናብ ውሃ ይተኛበታል፣ አርባ ሰባት ዓመት፣ እንደ ረጠበ ትንባሆ ይሆናል። እኔ ደግሞ በሞኝነቴ ቃጫውን አጥብቄ ጠቀጠቅሁ፣ ደረቅ ሳንቃ ውስጥ፣ ሲያብጥ መሄጃ እንዲያጣ አድርጌ፣ አሁን ያበጠው ሳንቃ ይገፋል፣ ጤነኛ ጎድን ቢሆን ይይዘዋል፣ የበሰበሰ ጎድን ግን ምስማሩን ይለቃል፣ በአንድ አንድ ክር ስፋት፣ በቀስታ። ወደብ ውስጥ ሃያ ስድስት ከሆነ ሰፊው ባሕር ላይ፣ ማዕበሉ ሲያጥፋትና ሲዘረጋት።

በብርዱ ወራት መሮ አዘጋጅቼ ነበር። ኤልስፔት እህቷ ጋ የሄደች ዕለት። አንድ ጊዜ መታሁት። ድምፁ ባዶ ነበር፣ ሥሩ ምንም ነገር የለም እንደማለት። መሮውን አስቀምጬ ቀለም አመጣሁ። ግራጫ። ሦስት እጅ ቀባሁት።

ብትነግራትስ። እዚህ ላይ አይነገርም። ጀልባ ላይ የማይጠሩ ነገሮች አሉ፣ እኔ አላወጣሁትም፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ ነው፣ ቄስ አይባልም፣ ጥቁር ለባሹ ነው የሚባለው፣ አሳማ አይባልም፣ ሳልሞን አይባልም፣ ቀዩ ዓሣ በል፣ ካመለጠህ የቀዘቀዘ ብረት ንካ። ባለፈው ሳምንት የእህቷን ልጅ የሚያጋባውን ሰው ቄስ ብዬ ብጠራው ኤልስፔት በጭልፋ መታችኝ፣ ብረት ንካ አንተ ሰውዬ፣ ገና ሳንነሣ ልትጨርሰን ነው እንዴ። እየሳቀች ነው፣ ግን እስክነካ ድረስ ጭልፋውን አላወረደችም። የጀልባን ጉዳት ስም ጠርተህ በራሷ ላይ ሆነህ ማውራት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ከጠሩት ይመጣል ይላሉ። እኔ ይህን ደንብ እንደ ቁልፍ ነው የያዝኩት። አራት ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ ጀልባዋ ላይ ነን፣ ስለዚህ አልነግራትም፣ ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ደክሟታል። ደህና አድርጎ የተሠራ ሰበብ ነው፣ እኔ የሠራሁት ሁሉ ደህና ነው፣ መደርደሪያውም።

አሊክ፣ ስንት ደረሰች፣ ትላለች ከላይ።

ሃምሳ በል። ሃምሳ ትናንት ነው። ሃያ ስድስት በል።

ስልሳ፣ እላለሁ።

ስልሳ፣ አላልኩህም፣ የአባዬ ልጅ ናት። እስክሪብቶው መዝገቡ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ስልሳ። እንዲህ ነው የሚሆነው እንግዲህ፣ በአንድ ቃል፣ ማንም ሳይጮህ። እግሯ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላውን ገመድ አላልታ አንድ ዙር ብቻ አስቀርታለች፣ አውቃለሁ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ደረጃውን እወጣለሁ። ፀሐይ አለ፣ ውሃው እስከ ግንቡ ጥቁር መስመር ሞልቷል። ኤልስፔት የአባቷን ሹራብ ለብሳለች፣ ክርኑን እኔ በማላውቀው ቀለም ጥፋዋለች። ፊቴን ታያለች። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ፓምፕ ስትጠብቅ ነው ያደርከው፣ ዓይንህን እየው፣ እስከ ማታ እኔ እመራለሁ፣ ውረድና ጋደም በል።

ጋደም በል። እዚያ ላይ። የት እንደምታስተኛኝ አታውቅም። እሷም ተራዋ ሲደርስ እዚያው፣ ጆሮዋን ወደ ታች አድርጋ።

ገመዱን ተዪው፣ እላለሁ።

ምን አልክ።

ተዪውና ወደ ግንቡ ነይ።

ባሕሩ ይጎድላል እኮ፣ ምን ረሳህ።

አልረሳሁም። እዚህ ላይ የማይወራ ነው።

ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ይቀራል። ይህን ቃል ታውቀዋለች፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት የተወለደች ናት፣ ዊል የተጎዳ ጊዜ እናቷን አንድ ጠዋት እንዲሁ ከበር ውጪ ጠርተዋት ነበር። ገመዱን መልሳ ታጠብቀዋለች፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት፣ እጇን ሱሪዋ ላይ ትጠርግና ከእኔ በፊት መሰላሉን ትወጣለች። ግንቡ ላይ ማንም የለም። ድንጋዩ አይነቃነቅም፣ ከስድስት ቀን በኋላ እግሬ ግራ ይገባዋል።

እነግራታለሁ። አዘጋጅቼዋለሁ፣ የት ጀምሬ የት እንደማቆም፣ ጎድኖቹን ብቻ፣ ጎድን እንጨት ነው፣ እንጨት ይጠገናል፣ የሞቱ ሰው በእንጨት አይከሰሱም። ስልሳ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ሃያ ስድስት ነው። ከአልጋችን ሥር ሦስት ጎድኖች ተሰብረዋል። ድሮ። ዓለት መትተን። አባትሽ በሲሚንቶ ሸፈኑት፣ ያቦካሁት እኔ ነኝ። አጭር ነው፣ እንዲህ ሲሉት በጣም አጭር ነው።

አታለቅስም። ጀልባዋን ነው የምታየው፣ እኔን አይደለም፣ የዘመሙትን ፊደሎች። ከንፈሯ የሚቆጥር ይመስላል። አሁን ትሳደባለች፣ ትሳደብ፣ አራት ዓመት ትላለች፣ ልትገድለኝ ነበር ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ከዚያ ስንት ጊዜ ይፈጃል ትለኛለች፣ መልሱ አለኝ።

መቼ ነው የመታችሁት፣ ትላለች።

ጥር ላይ።

የትኛው ጥር።

ስድስት ሳምንት፣ እላለሁ፣ ሲሚንቶውን አውጥቼ ሦስቱን ብቀይር፣ ጥሩ ባሉጥ ካገኘሁ፣ ስድስት ሳምንት፣ በሐምሌ እንነሣለን፣ ነፋሱም…

እሱን አልጠየቅኩህም፣ የትኛው ጥር ነው አሊክ፣ ዊል የሞተበት ነው እንዴ።