የመምህርቷ ፀጉር

ባሏ ከሞተ በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉር ቤቷን የከፈተችው ሰው ከጠበቀው ቀድማ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ገና እግሩ ሳይቋረጥ፣ እሷ መጋረጃዋን ገልጣ፣ ወንበሮቿን ወልውላ፣ ፎጣዎቿን አጣጥፋ ሥራ ጀመረች። «ጠንካራ ናት» ያሉ ነበሩ። «የምን ጠንካራ፣ ደረቅ ናት እንጂ» ያሉም አልጠፉም። እሷ ግን ጠንካራም ደረቅም አልነበረችም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ወጣ፤ ሳይውል ሳያድር፣ ፌርማታ ላይ እንደቆመ መሪው ላይ ተደፋ ብለው ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ውስጧ መብራት እንደጠፋበት ቤት ሆነ። እንባው አልመጣ፣ ንዴቱ አልመጣ። ስትበላ ጣዕሙን አታውቀው፤ ስትተኛ እንቅልፉ ይሉኝታ እንዳለበት እንግዳ ደጅ ቆሞ ይመለሳል።

እጆቿ ግን ሙያቸውን አልረሱም። ደንበኞቿ ከጥንት ጀምሮ «እጀ ልስልስ» ይሏታል፤ ፀጉር ስታጥብ ሰው ያስተኛል የሚባል እጅ ነው። እጇ እንደ ድሮው ነበር። የጠፋው አፏ ነው። ፀጉር ቤት ደግሞ ግማሹ ወሬ ነው። ካስክ ሥር ተቀምጣ አማቷን የምታማ ሴት «ኧረ ጉድ! ከዚያስ?» የሚላት ሰው ትፈልጋለች እንጂ ፀጉሯን ብቻ ልታደርቅ አልመጣችም። እጀ ልስልስ «እህ» ትላለች፤ ሌላ የላትም። ደንበኞቹ ቅር እንዳይላት እየተጠነቀቁ፣ አንድ በአንድ ከማዶ ወደተከፈተው ፀጉር ቤት ተሻገሩ። እሷም ሲሻገሩ በመስኮት ታያለች። አይከፋትም፤ የምታየው ነገር በእሷ ላይ የሚደርስ እንኳ አይመስላትም።

ይህን ዝም ብላ ማየት ያቃታት ታናሽ እህቷ ናት። ምላሷ የማያርፍ፣ እግሯም የማያርፍ ሴት ነች።

«እቴቴ፣ ሥልጠና አስመዝግቤሻለሁ» አለቻት አንድ ቀን፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

«የምን ሥልጠና?»

«የሥራ ፈጠራ። ዲዛይን ቲንኪንግ ይሉታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ በምን አውቄ! ሻይና ብስኩት አለው ብለውኛል። ተነሽ፣ አብረን ነው የምንሄደው።»

ተነሣች። እሺ ማለት እምቢ ከማለት ይቀላት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ቁራጭ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አሠልጣኙ ፀጉሩ የሸበተ፣ የሸሚዙን እጅጌ የሰበሰበ ሰው ነበር። ነገሩም ከስሙ ይልቅ ቀለል ያለ ሆኖ ተገኘ።

«አብዛኞቻችን መጀመሪያ ዕቃውን እንሠራና ከዚያ የሚገዛን ሰው ፍለጋ እንወጣለን» አለ። «እዚህ ተገላቢጦሽ ነው የምንሄደው። መጀመሪያ ሰውየው ጋ። ቁጭ በሉ፣ ጠይቁት፣ እዩት። እሱ የሚሰማው ለናንተም እስኪሰማችሁ። ከዚያ ባገኛችሁት ነገር፣ በካርቶንም ይሁን በላስቲክ፣ መፍትሔ ቢጤ ሠርታችሁ ሞክሩት። ካልሆነ እሰየው፤ ተመልሳችሁ ትጠይቁታላችሁ።»

እጀ ልስልስ እጇን አወጣች። እህቷ ደንግጣ ዞረች፤ እቴቴ ሰው ፊት ከተናገረች ቆይታለች።

«እኔ ምንም አይሰማኝም» አለች፣ «ዘይት አልቋል» እንደሚል ባለሱቅ ድምፅ። «እና ይቅርብኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አሠልጣኙ አልሳቀም። አገጩን እያሻሸ አያት።

«ስሜቱ ባይሰማሽ ድምፁን ትሰሚያለሽ አይደል?»

«ጆሮዬ ደህና ነው።»

«እንግዲያው በጆሮሽ ጀምሪ፣ እህቴ። ልብ ሲመቸው ይደርሳል። ባይደርስም ሥራው አይቆምም።»

ለቤት ሥራ፣ በየሙያችሁ የተቸገረ አንድ ሰው ፈልጉ ተባሉ። እሷ ፍለጋ አልወጣችም፤ ችግሩ ራሱ ደወለላት። የደወለው የአንዲት የድሮ ደንበኛዋ ልጅ ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም።

«መጥተሽ ላጪልኝ» አላት። «ፀጉሯ ተቋጥሮ ማበጠሪያ አልገባ ብሏል። መታጠቢያ ቤት እንዳንወስዳት አትነሣ፤ አልጋው ላይ እንዳናጥባት ፍራሹ ይበሰብሳል። ይላጭና ሁላችንም እንገላገል።»

ቶንዶሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። መምህርቷ ወደ መስኮቱ በተጠጋ አልጋ ላይ ተንጋለዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰዋል። ልጅየው በራፉ ላይ ቆሞ፣ ስለተበላሸ ማቀዝቀዣ እንደሚያወራ ሰው «ከኋላ በኩል ነው የባሰባት፣ ከዚህ ጀምሪ» እያለ ያሳያታል። ክፉ ልጅ አልነበረም። የደከመ ልጅ ነበር።

ቶንዶሱን አወጣችና መልሳ አስቀመጠችው። አዝና አይደለም። የቤት ሥራው ትዝ ብሏት ነው። ዱካ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«መምህርት፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

መምህርቷ ቀስ ብለው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«ለመሆኑ እኔን ነው የጠየቅሽኝ?»

«እርስዎን ነው።»

«መላጨት አልፈልግም። መታጠብ ነው የምፈልገው። ጭንቅላቴ ያሳክከኛል፣ ይሸተኛል። የድሮ ተማሪዎቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ተኝታለች በሏቸው እላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ደክሞታል፣ አልፈርድበትም» አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውርደት ነበር። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አነጠፈች፣ ከራሳቸው ሥር ሳፋ ሸጎጠች፣ በጆግ ማፍሰስ ጀመረች። ውሃው በሳፋው መሄዱን ትቶ በአንገታቸው ገባ፤ ከአንገታቸው ወደ ጀርባቸው፣ ከዚያ ወደ ፍራሹ። መምህርቷ ጮኹ። ልጅየው ፎጣ ይዞ ሮጠ። «ሂጂልኝ! ሁላችሁም ሂዱልኝ!» አሉ እየተንቀጠቀጡ። እጀ ልስልስ ወለሉን ወለወለች፣ አንሶላውን ከልጅየው ጋር ቀየረች፣ ሄደች። መንገድ ላይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አሁን ያፍር ነበር ብላ አሰበች።

ቤቷ ስትደርስ ዕቃ ቤቱን ከፈተች። ባሏ የማይጥል ሰው ነበር፤ ብሎኑም፣ ሽቦውም፣ አሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክም ተሰቅሎ አለ። ላስቲኩን አወረደችው። አቧራው ላይ የጣቶቹ ምልክት ነበር። ቆማ አየችው። አሁንስ የሆነ ነገር ይመጣ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው።

ላስቲኩን ነፋችው፤ ላዩ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አልብሳ ጎድጓዳ አደረገችው፤ ከፕላስቲኩ ሥር ቀዳዳ አበጅታ ውሃውን ወደ ባልዲ የሚያወርድ ቱቦ ገጠመችለት። አንገት የሚያርፍበት ለስላሳ፣ ውሃ የማያፈስ ማጠቢያ ሆነ። እህቷ ስታየው አጨበጨበች።

«እቴቴ! ይሄ እኮ ይሸጣል!»

መምህርቷ ብዙ ተለምነው እንደገና እሺ አሉ። በዚህኛው ጊዜ አንዲት ጠብታ ፍራሹ ላይ አልወደቀችም። ልጅየው ተደስቶ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። መምህርቷ ግን ገና ሳሙናው ሳይለቅ «ይበቃኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ምኑ አልተመቸዎትም?»

«እኔ እንጃ። ውሃው አልፈሰሰም፤ ሥራሽ ጥሩ ነው። ብቻ አልወደድኩትም።»

«አንገትዎን አመመዎት?»

«አላመመኝም አልኩሽ። አላውቀውም፣ ልጄ። የማላውቀውን ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እንከን አልወጣለትም፤ ልጅየውም ደስ ብሎታል፤ የሚገዛውም ልጅየው ነው። እሷ ግን ጆሮዋ ላይ «አልወደድኩትም» የሚለው ቃል ቀርቶባት ነበር። እህቷን ጠራቻት።

«ልተኛ ነው። እጠቢኝ።»

«አሁን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። እንደሳቸው እጠቢኝ።»

አልጋዋ ላይ ተንጋለለች፤ አንገቷን ላስቲኩ ላይ አሳረፈች። ጣሪያው ብቻ ነው የሚታያት። እህቷ ከኋላዋ ቆመች፤ ትሰማለች እንጂ አታያትም። የእህቷ ስልክ ጮኸ፤ አነሣችና በትከሻዋ ይዛ ማውራት ጀመረች። «አዎ፣ እሷን እያጠብኳት ነው… ኧረ ደህና ናት… እንዲያው ናት፣ ምን ታደርጊዋለሽ…» እጀ ልስልስ ይህ ሁሉ ከራሷ በላይ ሲያልፍ ታዳምጣለች። ውሃው መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። ድንገት መጣ። ጆሮዋ ሞላ፤ የእህቷ ድምፅ ራቀ፤ ዓለም ሁሉ ከግድግዳ ወዲያ የሆነ መሰለ። መቼ እንደሚቆምም አታውቅም። እጆቿ ለብቻቸው የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ያዙ።

«ቀዘቀዘኝ!» አለች።

እህቷ ስልኩን ዘጋች። «ምን አልሽ?»

«ውሃው ቀዘቀዘኝ። አቁሚ።»

ተራ ነገር ነው፤ ሰው ውሃ ሲቀዘቅዘው ቀዘቀዘኝ ይላል። ግን እህቷ ጆጉን አስቀመጠች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እቴቴ ሞቀኝ፣ በረደኝ፣ ራበኝ ስትል ሰምታት አታውቅም። ተቀምጣ አለቀሰች። እጀ ልስልስ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ አየቻት። ራሷ አላለቀሰችም። በረዳት፤ ይኸው ነው። እንደበረዳት ግን አወቀች።

«ፍርሃት ነው» አለች ቆይታ። «መምህርቷ ፈርተው ነው። ውሃው የሰው እጅ ውስጥ ስለሆነ ነው።»

ጆጉን ተወችው። ከትንሽ ጀሪካን ቀጭን ቱቦ አወረደች፤ ጫፉ ላይ በአውራ ጣት የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ገጠመች። ዱካዋንም ከራስጌ አንሥታ በጎን አደረገችው፤ ዘርግታ ስታሽ ክንዷ ይደክማል፣ ግን ፊት ለፊት ትታያለች።

መምህርቷ ቧንቧዋን ሲቀበሉ አገላብጠው አዩዋት።

«ይሄ ለኔ ነው?»

«ለእርስዎ። መጀመሪያ እጅዎ ላይ ይሞክሩት። ሲፈልጉ ይክፈቱ፣ ሲበቃዎት ይዝጉ።»

እጃቸው ላይ አፈሰሱ። «ይሙቅልኝ» አሉ። አሞቀችላቸው። ራሳቸው ከፈቱ፣ ወዲያው ዘጉ፤ ደግመው ከፈቱ። «እሺ፣ ቀጥዪ» አሉ። «ከጆሮዬ በላይ… አይደለም፣ ወደ ግራ… ግራሽን አታውቂም እንዴ?» መማሪያ ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስል ነበር። ልጅየው ከበራፉ ሆኖ «እማዬ፣ ቀስ በይ» ቢል «አንተ ውጣ፣ ሥራ ላይ ነን!» አሉት። ሳቁን ይዞ ወጣ።

ፀጉሩ ታጥቦ እንኳ ከኋላ ያለው ቋጠሮ አልፈታ አለ። እጀ ልስልስ ቅባት ብትቀባ፣ በጣቷ ብትለያይ፣ ቆዳው ይሳባል። መምህርቷ መስታወት አስመጡና ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ቁረጪው» አሉ በመጨረሻ። «አጭር አድርጊው።»

«ልጅዎ ይላጭ ስላለ ከሆነ…»

«እሱ ሲል አይደለም፤ እኔ ስል ነው። ልዩነቱ አይገባሽም?»

«ይገባኛል» አለች። እውነትም ገብቷት ነበር። ቆረጠችው፤ አጭር፣ ነጭ፣ ንጹሕ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሲመጡ ተኝታለች አልተባሉም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአፍ በአፍ ሄደ። ፀጉር ቤቷን ለእህቷ ለቀቀችላት፤ እህቷ ለወሬው የተፈጠረች ናት፣ ከማዶ የተሻገሩትም ቀስ በቀስ ተመለሱ። እሷ ማጠቢያዋን በሻንጣ ይዛ ከቤት ቤት ትዞራለች። አንዱ ቤት አንገታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ አሉ፤ ላስቲኩን ግማሽ አድርጋ ነፋችላቸው። ሌላው ቤት መናገር የማትችል፣ እጇም የማይታዘዛት ልጅ አለች፤ ቧንቧዋን በእግር ጣቷ እንድትከፍት ሠራችላት። አሠልጣኙ ለአዳዲስ ሠልጣኞች መጥተሽ ንገሪልኝ ብሏት፣ ሄዳ የተናገረችው አጭር ነበር። «ጠይቁ። ከዚያ እዚያው ተኙ» አለችና ተቀመጠች። ሠልጣኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ከሰዓት በኋላ በመኪና አደጋ ወገቧ የተጎዳ ወጣት እናት ቤት ሄደች። ሴትየዋ ቧንቧዋን ይዛ አልከፍት አለች። ጣሪያውን ታያለች። እጀ ልስልስ አላጣደፈቻትም።

«ባለትዳር ነሽ?» አለቻት ሴትየዋ ድንገት።

«ነበርኩ። ሞተብኝ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ገረማት። ሰው ሁሉ «ያረፈ ጊዜ» ይላታል፤ እሷም ያንኑ ስትመልስ ነው የኖረችው።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

እጀ ልስልስ ፎጣውን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንዴት እንደሞተ ነው ሁሉም የሚጠይቃት።

«ዕቃ አይጥልም ነበር» አለች። «የተሰበረ ዣንጥላ እንኳ አይጥልም። ሲዘፍን ድምፁ አያምርም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሲዘፍን ተሳፋሪው ሳይደርስ ይወርዳል እለው ነበር።»

ሴትየዋ ፈገግ አለች። «እና ተቆጣ?»

«ኧረ የት! ባሰበት።»

ሴትየዋ ዝናቡን ስታዳምጥ ቆየችና ቧንቧዋን በአውራ ጣቷ ከፈተች። ውሃው መውረድ ጀመረ፤ እጀ ልስልስ እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች፣ ወዲያውም ሳብ አደረገችው።

«ቀዝቅዟል እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

«አዎ፣ ስናወራ ቀዝቅዟል። ዝጊው፤ ላሙቀው» ብላ ጀሪካኑን ይዛ ተነሣች።