የሐኪሙ ሳንቲሞች ጨረታ

የድሮ ሳንቲም የሚሰበስበው ልብስ ሰፊ፣ አንድ ታዋቂ ሐኪም የራሱን የሳንቲም ስብስብ በሙሉ በጨረታ ሊሸጥ መሆኑን ከሰማ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጣ።

«ያን ሁሉ ገበያ ላይ ሲያፈሰው የእኔን ማን ዞር ብሎ ያያል?»

ሚስቱ «ተው፣ አትቸኩል» ብትለውም አልሰማትም። ሃያ ዓመት የሳሳላትን፣ መርከብ የተቀረጸባትን የብር ሳንቲም ወስዶ ለአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ በርካሽ ሸጣት።

ጨረታው ላይ ግን ሁለት ሀብታሞች እልህ ተጋቡና የሐኪሙን ሳንቲሞች ዋጋ ሰማይ ሰቀሉት፤ የሌላውም ሰብሳቢ ሳንቲም አብሮ ተወደደ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ነጋዴው በረረ።

«ወንድሜ፣ መልስልኝ።»

«በደስታ! በዛሬ ዋጋ ግን አራት እጥፍ ነው» አለው ነጋዴው።

ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ ፊቱን አየችና ቡና ልታፈላ ተነሣች። እሱም ማሽኑ ላይ ተቀምጦ አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ተረተረው።