የሁለት ጎተራ እርቅ

ኪሩቤልን ሐረር ላይ አስራ ያስቀረችው አንዲት መስመር ኮድ ናት።

ሚስቱ ቤዚ ሐዋሳ ላይ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቱ እሁድ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሳለች። የኪሩቤል ወደዚያው መዛወርም ተፈቅዷል፤ ኃላፊዋ ወይዘሮ አበበች ግን አሮጌውና አዲሱ አንድ ሆነው፣ አሮጌው ተዘግቶ ካላዩ ንቅንቅ እንደማይል ነግረውታል።

አሮጌውና አዲሱ የሚባሉት የኮድ ጎተራዎች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የውሃ ፈረቃ በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም አለው፤ ኮዱ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ጭምር፣ ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል። አሮጌው ጎተራ ምድር ቤት ውስጥ እያቃሰተ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ነው። አዲሱ ጊት የሚሉት ነው፤ በኢንተርኔት ይገባበታል እንጂ የት እንዳለ በጣት ጠቁሞ የሚያሳይ የለም። አሮጌው እስኪዘጋ ሁለቱን የሚያመሳስል ድልድይ የሠራው ኪሩቤል ነው። በአንዱ የተቀየረው ወደ ሌላው ይሻገራል። ያችው መስመር በሁለቱም ላይ ለየብቻ ከተቀየረች ግን ድልድዩ ቀጥ ብሎ ይቆምና «የቱን ልውሰድ?» ይላል።

በአሮጌው የሚሠሩት ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው፤ ፕሮግራሙን ከጥንቱ የጻፉት፣ ጡረታ የደረሰባቸው። በአዲሱ የምትሠራው ጽጌሬዳ ናት፤ የሐረር ልጅ፣ ምላሷ ከጣቷ የማይዘገይ። ጋሽ ወልደሚካኤል መልእክቱ በዋዜማው ማታ ይላክ ባይ ናቸው፤ ሰው ጀሪካኑን አሰናድቶ ይተኛ። ጽጌሬዳ ደግሞ በዕለቱ ጎህ ሲቀድ ትላለች፤ ማታ ይመጣል የተባለ ውሃ ጠዋት ሲቀር የሚሰደበው ማን ሆነና። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ መከራውም ይኸው ነው።

ኪሩቤል የጽጌሬዳን ወሰደ። ጋሽ ወልደሚካኤል ሰላምታ አቆሙ። ወይዘሮ አበበች ደንግጠው እንደነበረው አስመለሱት። የጋሽ ወልደሚካኤልን ወሰደ። ጽጌሬዳ «ወሪያ፣ ለካ አንተ የሽበት ወገን ነህ» ብላ ወንበሯን ከአጠገቡ አነሳች። ይህም ተመለሰ። በመጨረሻ ወይዘሮ አበበች ሁለቱ ሳይስማሙ መስመሯን እንዳይነካ አዘዙት፤ እሳቸው በቴክኒክ ጉዳይ አይገቡም፣ ለሰው ጠብ ግን ሽማግሌ አለ።

ሐሙስ ዕለት ከጀጎል ሐጂ ቶፊቅ ተጠርተው መጡ፤ ስንት የተጣላ ጎረቤት ያስታረቁ ሰው ናቸው። የተጣሉት በምንድን ነው አሉ። በመስመር ነው ተባሉ። እሱ ጣጣ የለውም፣ የወሰን ጠብ ለምጃለሁ ብለው ተቀመጡ። የሁለቱንም አቤቱታ አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አድርገው ሰሙ፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላህ ይወቅ።

«ልጆቼ» አሉ ሲጨርሱ፣ «አሸናፊ አይኑር። ወላሂ፣ ትልቁ ሰው ለወንድሙ የለቀቀ ነው።»

ጽጌሬዳ ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ ጋሽ ወልደሚካኤል ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ኪሩቤል ከሁለቱም ይልቅ አለቀሰ። ወጥቶ ለቤዚ ደወለ፤ ታረቁ አላት፤ ከዚያም ለቅዳሜ የሐዋሳ አውቶቡስ ትኬት ቆረጠ።

አርብ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ድልድዩ እንደቆመ ነው። አሮጌው ጎተራ «ጎህ» ይላል። አዲሱ «ማታ» ይላል። ጋሽ ወልደሚካኤል የጽጌሬዳን አሳብ በአሮጌው ጽፈውላት ሄደዋል፤ ጽጌሬዳም የእሳቸውን በአዲሱ።

ሮጦ ጋሽ ወልደሚካኤል ዘንድ ገባ፤ እባክዎ የራስዎን ይመልሱ አላቸው።

«በሐጂ ፊት የለቀቅሁላትን መልሼ ልንጠቃት?» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ አታዋርደኝ።»

ጽጌሬዳ ዘንድ ሄደ።

«የጋሼን መስመር የምነቅለው ሞቼ ነው» አለችው። «ትናንት ግንባሬን ሲስሙኝ የት ነበርክ አንተ?»

አንዱ ለሌላው መልቀቁን ለሁለቱም አስረዳ። ባላስረዳ በተሻለው ነበር። ጋሽ ወልደሚካኤል ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ፤ ጽጌሬዳ ሻይ ልጋብዝዎ ብላ ይዛቸው ወጣች፤ በሩ ላይም አንቺ ቅደሚ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ከኋላ የሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው። ወይዘሮ አበበች ሁለቱን በመስኮት እያዩ፣ በዚህ ቢሮ እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም አሉ።

«እመቤቴ፣ እኔስ?» አላቸው ኪሩቤል።

«ገና አልተስማሙማ፣ ልጄ። ትንሽ ታገስ፤ አሁን ቸኩለን አንዱን ብንመርጥ ይቀየማሉ።»

ከሰዓት በኋላ የታረቁት ሁለቱ ጀጎል ገብተው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ለሕፃኗ ነጭ የክርስትና ቀሚስ አሰፉ። ጋሽ ወልደሚካኤል ጨርቁን መረጡ፣ ጽጌሬዳ ጥልፉን፤ በዚህ ላይ አንድም ልዩነት አልነበራቸውም። በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ለኪሩቤል ሰጡትና መረቁት።

ቅዳሜ በማለዳ፣ ድልድዩ እንደቆመ፣ አውቶቡስ ተራ ደረሰ። ጥቅሉን መስኮቱ ጋ ባለው በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ የቤዚን ስልክ ቁጥር ሰጥቶ፣ አደራ ብሎ ወረደ። አውቶቡሱ ከዓይኑ ሲሰወር ቤዚ ደወለች።

«ወንበርህ መስኮቱ ጋ ነው?» አለችው።

«አዎ» አላት፣ «መስኮቱ ጋ ነው።»